1650 ወይስ 580? መጀመሪያ ሳጥኑን ክፈቱት

ባለፈው ዝግጅት ርካሽ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል ስክሪን ላይ የሚያወጣው የኮምፒውተር ክፍል) ላይ ጥያቄ ስንቀበል ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ሁለት ካርዶች ነው፦ ስለ ኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1650 እና ስለ ኤኤምዲው አርኤክስ 580። በአየር ላይ በጥድፊያ የመለስኳቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ከሐዋሳ የደወለ ወጣት፦ «ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 አለኝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ ነው። ጂቲኤ 5 እና ቫሎራንት መጫወት እፈልጋለሁ። ሻጩ ‹580 ውሰድ፣ እሱ 8 ጊጋ ነው፣ 1650 ግን 4 ብቻ ነው› አለኝ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሻጩ አልዋሸህም። ግን አንድ ዋና ነገር ሳይጠይቅህ ቀርቷል። ኮምፒውተርህ ስንት ዋት ይችላል?

በጉልበት ብቻ ከሄድን 580 ይበልጣል። የወጣው በ2017 ነው፤ 1650 የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያም ሆኖ 1650 ገና ሲወጣ የ580 ታናሽ የሆነው 570 እንኳን በብዙ ጌሞች ላይ ይቀድመው ነበር። የ580 ሚሞሪ በሰከንድ 256 ጊጋባይት ያመላልሳል። የመጀመሪያው 1650 ግማሹን፣ 128 ነው የሚያመላልሰው።

የ8 እና የ4 ጊጋው ልዩነትም ወሬ አይደለም። የካርዱን ሚሞሪ ምድጃ አጠገብ እንዳለ መደርደሪያ አስበው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ እጅ በሚደርስበት ቦታ ሲሆን ወጡ ቶሎ ይደርሳል። መደርደሪያው ከሞላ ግን ለእያንዳንዱ ነገር ጓዳ ድረስ መመላለስ ነው። ካርዱም 4 ጊጋው ሲሞላበት የቀረውን ከዋናው ራም ማምጣት ይጀምራል። ያኔ ነው ጌሙ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት የሚንገጫገጨው። አንተ የጠራሃቸው ሁለት ጌሞች ግን 4 ጊጋ አያንሳቸውም።

አሁን ወደ ሳጥንህ እንምጣ። 580 እስከ 185 ዋት ይበላል። 1650 የሚበላው 75 ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ስሎት ራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ 1650ዎች ምንም ተጨማሪ ኬብል የማይፈልጉት። 580 ግን ከፓወር ሳፕላዩ (ለኮምፒውተሩ መብራት ከሚያከፋፍለው ሳጥን) በቀጥታ የሚመጣ ባለ 8 ፒን ኬብል ይፈልጋል። የ7010 ሰፊው ሳጥን የሚመጣው በ275 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ በ240። ባለ 8 ፒኑ የግራፊክስ ኬብል በሁለቱም ላይ የለም።

ሻጩ «ችግር የለም፣ አዳፕተር አለ» ሊልህ ይችላል። እባክህ እምቢ በለው። ያ አዳፕተር የሃርድ ዲስክ መብራት ከሚወጣበት ሳታ ከሚባለው መሰኪያ ነው የሚቀጥለው። ያ መሰኪያ የሚችለው 54 ዋት ያህል ነው። ባለ 8 ፒኑ ግን እስከ 150 ሊጠይቀው ይችላል። እኔ ይህን ስህተት በገዛ ቤቴ ሠርቼዋለሁ። ጌሙ ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ነቅዬ ሳየው ቢጫው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ቀልጦ ከጎኑ ካለው ጋር ተጣብቋል። ትንሽ ብቆይ ኖሮ እሳት ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ አልለሳለስም።

እና ላንተ 1650 ነው። ሳጥንህ ቀጭኑ ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነውን ዓይነት መሆኑን አይተህ ግዛ፤ ረጅሙ አይገባም። በስሙ አጠገብ ጂዲዲአር 6 የሚል ካገኘህ እሱን አስቀድም፤ ሚሞሪው ፈጠን ይላል። የግድ 580 ነው የምፈልገው ካልክ ደግሞ ፓወር ሳፕላዩን ደህና በሆነ 500 ዋት ቀይር። ሰፊው 7010 የተለመደውን ባለ 24 ፒን የፓወር ሳፕላይ መሰኪያ ይቀበላል። ተከታዮቹ 7020 እና 9020 ግን መሰኪያቸው የራሳቸው ስለሆነ እነሱ ላይ እንዲህ ቀላል አይሆንም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ያንተ ኮምፒውተር ያ ስለሌለው ዊንዶውስ 11 ላይ አይከፈትልህም።

ከገርጂ የደወሉ እናት፦ «ልጄ 12ኛ ክፍልን ከጨረሰ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልገዛለት ቃል ገብቼ ነበር። ያገለገለ 580 ተገኝቷል፤ ግን ‹ማይኒንግ ላይ ነበረ› ይላሉ። ይሄ ነገር ያሰጋል? በዚያ ላይ መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄድብናል።»

እናቴ፣ መጠየቅዎ ጥሩ ነው። ማይኒንግ ማለት ካርዱ ኤተሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ሌት ተቀን ሲሠራ ነበር ማለት ነው። መስከረም 2022 ላይ ኤተሪየም አሠራሩን ቀየረና ካርድ አያስፈልገኝም አለ። ያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካርድ ወደ ገበያ ወጣ። 580ም በብዛት ከነበሩት አንዱ ነው።

በዚህ ብቻ ካርዱ ሞቷል አይባልም። በአብዛኛው የሚጎዱት ፋኖቹና ሙቀት አስተላላፊው ቅባት ናቸው። ሁለቱም ይቀየራሉ። ዋናው ሳያዩ አለመክፈል ነው።

ልጅዎ ይዞ ይሂድና እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ መብራት ሳይሰካ እያንዳንዱን ፋን በጣቱ ያሽከርክር። ጤነኛ ፋን ድምፅ ሳያሰማ ተሽከርክሮ በዝግታ ይቆማል። የሚወላገድ ወይም የሚያንቋርር ከሆነ የፋን መቀየሪያ ከዋጋው ይቀነስ። ከዚያ ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ይይ፤ ቦርዱ ላይ የጠቆረ ቦታ ካለ ይተወው።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይከፈት። «ሼደርስ» በሚለው ቦታ 2304 መሆን አለበት። 2048 ካለ ስሙ 580 ቢሆንም በጉልበቱ 570 ነው። ይህ መጀመሪያ ለቻይና ገበያ በ2018 የወጣ ዓይነት ነው። የ570 ዋጋ ከተጠየቀበት ምንም ክፋት የለውም። ይህ ፕሮግራም ስማቸው ተቀይሮ የሚሸጡ የቆዩ የኤንቪዲያ ካርዶችን ጭምር ያጋልጣል። በመጨረሻ ፈርማርክ በሚባለው ፕሮግራም 15 ደቂቃ ያሙቀው። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካላለፈና ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ካልታየ ጥሩ ነው። «ለፍተሻ ጊዜ የለኝም» የሚል ሻጭ ካጋጠመ፣ እናቴ፣ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

ስለ መብራቱ፦ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ) ላይ 650 ቪኤ የሚለው ቁጥር ዋት አይደለም። ብዙዎቹ በዋት ከ360 እስከ 390 ናቸው። ባለ 580 ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ጌም ላይ ወደ 300 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤሱ ላይ ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ብቻ ይሰኩ። መብራት ሲሄድ ልጅዎ ጌሙን አስቀምጦ ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ ያገኛል፤ ጨዋታውን አይቀጥልበትም።

ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም። ኤኤምዲ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለ580 የሚሰጠው በዋናነት የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ኤንቪዲያ በ2025 የቆዩ ትውልዶቹን ሲያሰናብት የ1650ን ትውልድ አስቀርቷል። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነተኛው የሚያሳይ አሠራር) የግድ የሚሉ አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ግን በሁለቱም ላይ አይከፈቱም። ልጅዎ የሚፈልጋቸውን ጌሞች ዝርዝር አስቀድመው ይጠይቁት።

ከባሕር ዳር፦ «ቀን የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ አንዳንዴ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይም እሠራለሁ። ጌም ማታ ማታ ነው።»

ላንተ ሳላመነታ 1650። ብሌንደር ከ3.0 ጀምሮ የቆየውን የኤኤምዲ መንገድ ስለተወ ሳይክልስ የሚባለው የብሌንደር ምስል አውጪ በ580 አይሠራም፤ ሁሉ ነገር ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። በ1650 ግን ይሠራል። ትልልቅ ሥራ ላይ 4 ጊጋው ይጠብብሃል፤ ቢሆንም እንጀራህ ከዚያ ነው፣ እሱን አስቀድም።

ከዱባይ የደወለች እህት፦ «ለወንድሜ አዲስ ካርድ ልልክለት ነው። አርቲኤክስ 3050 እና አርኤክስ 6600 አየሁ። ስሙ የታወቀው 3050 ነው።»

እህቴ፣ ለጌም ከሆነ 6600ን ላኪለት። ሁለቱም 8 ጊጋ ናቸው፤ የሚበሉት መብራትም 130 ዋት ገደማ ነው። ፍጥነቱ ላይ ግን 6600 በግልጽ ይበልጣል። 3050 በዲኤልኤስኤስ (ጌሙን የሚያፈጥን የኤንቪዲያ ዘዴ) ይሻላል፤ ለዲዛይን ሥራም እሱ ይመረጣል። ደግሞ በ2024 የወጣ ባለ 6 ጊጋ 3050 አለ። ስሙ ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ጥቅሙ 70 ዋት ብቻ ስለሚበላ ብዙውን ጊዜ ኬብል አይፈልግም። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ወንድምሽን አንድ ፎቶ ጠይቂው፦ ሳጥኑን ከፍቶ የፓወር ሳፕላዩን ጽሑፍ ያንሳልሽ። 450 ዋትና ባለ 8 ፒን ኬብል ካለው 6600፣ ከሌለው ባለ 6 ጊጋው 3050።

ከአዳማ፦ «1650 ገዝቼ ሰካሁት። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ተበላሽቶ ይሆን?»

አይመስለኝም። ከኮምፒውተርህ ጀርባ ሂድና የሞኒተሩ ኬብል የት እንደተሰካ እይ። ከላይ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ከሆነ ያ የማዘርቦርዱ ነው። ንቀለውና ዝቅ ብሎ ጋደም ያለው ካርዱ ላይ ሰካው። ሞኒተርህ ሰማያዊ መሰኪያ ያለው የድሮ ቪጂኤ ከሆነ ካርዱ ላይ ቦታ አታገኝለትም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ግዛ። ይኼኛው አዳፕተር አያስፈራም። አሁንም ጥቁር ከሆነ ካርዱን አውጥተህ እስኪቀጭ ድረስ በደንብ ተጭነህ መልሰው፤ ከዚያ ደውልልኝ።