ክቡ ሴል ክር ሲያበቅል

ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡራትና ክቡራን።

ዛሬ የማወራችሁ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ይዘነው ስለምንዞረው ፈንገስ ነው። ካንዲዳ አልቢካንስ ይባላል። አፍና አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይነካንም። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም፣ ወይም አንቲባዮቲክ ጎረቤቶቹን ባክቴሪያዎች ሲጠርግለት ግን ጸባዩ ይለወጣል። ደም ውስጥ ከገባ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. እጅግ አሳሳቢ ካላቸው 4 ፈንገሶች መካከል አስገብቶታል።

ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ፈንገሱን ሴረም፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ ውስጥ ጨምረን 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እናቆየዋለን። ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ እንደ እርሾ ክብ የነበረው ሴል ቀጭን ቱቦ አውጥቷል። ቱቦው ይረዝምና ክር ይሆናል። ስንት ጊዜ አየሁት! እስካሁን አልሰለቸኝም።

ክቡ ሴል በደም ለመጓዝ ይመቻል። ክሩ ሥጋ ሰርስሮ ይገባል፤ እግረ መንገዱንም ካንዲዳላይሲን የተባለ መርዝ እየረጨ የሴሎቻችንን ሽፋን ይበሳል።

ነጭ የደም ሴል ሲውጠውስ? ውስጥ የሚጠብቀው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን የመሰለ የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ፈንገሱ ወዲያው የጭንቀት ጊዜ ጂኖቹን ያነሳል። ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም አምርቶ ኬሚካሉን ያረክሳል። ከዚያ እዚያው ሆድ ውስጥ ክር ያበቅላል፣ የዋጠውን ሴል ቀዶም ይወጣል።

ሙቀትን የሚያውቅበት መንገድ ደግሞ ይገርመኛል። ኤችኤስፒ90 የሚባል ፕሮቲን ክር የማብቀሉን ትእዛዝ ጨቁኖ ይይዛል። ሙቀት ሲጨምር ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳይበላሹ መሯሯጥ ይጀምራል፤ ያኔ እጁ ይላላል፣ ክሩም ይወጣል። እኛም ይህ ፕሮቲን አለን። ፈንገስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ስለሚቀርብ፣ እሱን ገድሎ እኛን የማይጎዳ መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው።

ክር ማብቀል የማይችል ዝርያ አይጦችን እንዳልገደለ በ1997 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የሚገርመው፣ ክር ብቻ ሆኖ የቀረውም ዝርያ ይደክማል። እኔ ከዚህ የምረዳው ጉልበቱ ያለው ቅርፁን መቀያየሩ ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህ ወጣት ተመራማሪዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የሚገድለውን መድኃኒት ስትፈልጉ፣ ቅርፁን እንዳይቀይር የሚያግደውንም አብራችሁ ፈልጉ።

አመሰግናለሁ።