አቧራውንም እንመዝን

ክቡራንና ክቡራት፤ የተከበራችሁ መሐንዲሶች፣ ጂኦሎጂስቶች፣ የባህላዊ ማዕድን አውጪ ማኅበራት ተወካዮች፤

የተሰጠኝ ርዕስ ምርምር ለማዕድን ዘርፍ ዕድገት የሚያደርገው አስተዋጽኦ ነው። ስለ ዕድገቱ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም የሚናገር አይጠፋም። እኔ ከተፈቀደልኝ ጊዜ አብዛኛውን ለአቧራ እሰጣለሁ። ወርቅ ስንረከብ እስከ ግራም ክፍልፋይ እንመዝናለን፤ ንጥረቱን እንፈትሻለን፤ እንፈራረማለን። ያንን ወርቅ ከአለቱ የፈለቀቀው ልጅ በአንድ ፈረቃ ስንት ሲሊካ፣ ማለትም አለት ሲሰበር የሚነሣ ሳንባ የሚጎዳ ብናኝ፣ ወደ ሳንባው እንዳስገባ ግን ማን መዘነ?

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን ከተማሪነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ፤ የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዲሴምበር 6 ቀን 1907 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ሞኖንጋ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 362 ሰዎች ሞቱ፤ ይህ በመዝገብ የሰፈረው ቁጥር ነው። በ13ኛው ቀን በፔንሲልቬንያ፣ ዳር በተባለው ማዕድን ደግሞ 239 ሞቱ። በዚያ አንድ ዓመት በአገሪቱ የከሰል ማዕድናት የሞተው ሰው ከ3,200 በላይ ነበር። ምክር ቤቱ ቢሮውን ያቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጁላይ 1 ቀን 1910 ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጆሴፍ ሆምስ ነበሩ።

ቢሮው ሲጀምር የመቆጣጠር ሥልጣን አልነበረውም። ማዕድን ውስጥ ገብቶ የመፈተሽ መብት ያገኘው በ1941 ነው። በእጁ የነበረው ምርምር ብቻ ነበር፤ ምርምሩም በአንድ ትልቅ ክርክር ተጀመረ። በጊዜው ከነበሩት የማዕድን ባለቤቶችና አለቆች ብዙዎቹ፣ ጋዝ ከሌለ የከሰል አቧራ ብቻውን አይፈነዳም ብለው ያምኑ ነበር። ቢሮው መግለጫ ጽፎ አልበተነም። ከፒትስበርግ ወጣ ብሎ ብሩስተን በተባለ ቦታ እውነተኛ ማዕድን ቆፈረ፤ ከሰል ለማውጣት ሳይሆን ለማፈንዳት። ኦክቶበር 30 ቀን 1911 ከሺህ በላይ የማዕድን ሰዎችን ጠርቶ ውጭ አቆማቸው። ውስጡ ጋዝ የለም፤ መተላለፊያው ላይ የተነሰነሰ የከሰል አቧራ ብቻ ነው ያለው። ድማሚቱ ተተኮሰ። ነበልባሉ በማዕድኑ አፍ ወጣ። የዓመታት ክርክር በዚያች ቅጽበት አበቃ።

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ግን ወጣቶች ስላሉ ልድገመው። የመጀመሪያው ብልጭታ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ ያልተደፈነ ድማሚት ወይም ጥግ ላይ የተጠራቀመ ሚቴን የተባለ ጋዝ። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። የግፊቱ ሞገድ ከነበልባሉ ቀድሞ ይሮጣል፤ ወለሉና ግድግዳው ላይ የተኛውን አቧራ ያነሣል። ነበልባሉ ሲደርስ ነዳጁ አየር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። መድኃኒቱ ወለሉና ግድግዳው ላይ የሚነሰነስ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ዱቄቱ ከከሰሉ ጋር አብሮ ይነሣና ሙቀቱን ይወስዳል፤ ነበልባሉም የሚመግበው ያጣል። የአሜሪካ ደንብ ዱቄቱ በሙሉ በ20 ሜሽ ወንፊት፣ 70 በመቶውም በ200 ሜሽ ወንፊት እንዲያልፍ ያዝዛል፤ ሜሽ በአንድ ኢንች ርዝመት ያሉት የወንፊቱ ቀዳዳዎች ቁጥር ነው። ንጹሕ አየር በሚገባበት መተላለፊያ ከድብልቁ 65 በመቶ፣ አየር በሚመለስበት 80 በመቶ የማይቃጠል መሆን ነበረበት። ሚቴን ካለ ደግሞ በ80 በመቶው ላይ ለእያንዳንዱ 0.1 በመቶ ሚቴን 0.4 በመቶ ይጨመራል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛው እርጥበት ነው። ዱቄቱ ርሶ ሲደርቅ እንደ ቂጣ ይጋገራል፤ የተጋገረ ዱቄት ሞገድ ሲመጣ አይነሣም፤ ተነሥቶ ከከሰሉ ጋር ካልተቀላቀለ ደግሞ ኖረም አልኖረም አንድ ነው። ሁለተኛው ከላይ የሚያርፈው ነው። በ20 ሚሊሜትር የኖራ ዱቄት ላይ 0.12 ሚሊሜትር የሆነ ስስ የከሰል ብናኝ ቢያርፍ ፍንዳታውን ለማስተላለፍ ይበቃል። የወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ናሙና ሲወሰድ ከሥር እስከ ላይ አብሮ ከተዛቀ ላቦራቶሪው «ደህና ነው» ይላል፤ ማዕድኑ ግን ደህና አይደለም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የ65 በመቶው ልክ የተመሠረተው በ1920ዎቹ በነበረው የአቧራ መጠን ላይ ነው፤ ያኔ ከብናኙ በ200 ሜሽ የሚያልፈው 20 በመቶ ያህል ነበር። የዛሬ ማሽኖች ደቃቅ ያደርጉታል፤ ሲለካ 31 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ደቃቁ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ 80 በመቶ በየቦታው ያስፈልጋል የሚለውን ያሳየው በመንግሥት ምርምር የተደረገ ሙከራ ነው። ደንቡ የተቀየረው ግን አፐር ቢግ ብራንች በተባለው ማዕድን ኤፕሪል 5 ቀን 2010 ላይ 29 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሙከራው ተሠርቶ ነበር፤ ልኩ ታውቆ ነበር! ወረቀቱ ፊርማ ሲጠብቅ ሰው ሞተ። ይህንን የአሜሪካ ጉዳይ ነው ብሎ ለማለፍ የሚፈልግ ካለ፣ በየቢሯችን መሳቢያ የተኛውን ጥናት ያስብ።

በ1995 ምክር ቤቱ ቢሮው ይዘጋ አለ፤ በማርች 1996 ተዘጋ። ወደ 1,000 ሠራተኛ ተሰናበተ፤ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የምርምር ሥራ ቆመ። የፒትስበርግና የስፖኬን የደህንነት ቤተ ሙከራዎች ኒዮሽ ወደተባለው የሥራ ጤና ተቋም ተዛውረው ተረፉ። ከዚያስ? ቨርጂኒያ ውስጥ በሦስት ክሊኒኮች ብቻ ከ2013 እስከ 2017 ድረስ 416 የከሰል ሠራተኞች ሳንባቸው በከባዱ ጠባሳ ተይዞ ተገኘ። ይህን ያህል ብዛት በአንድ አካባቢ ታይቶ አይታወቅም ነበር። የከሰሉ ንጣፍ እየሳሳ ሲሄድ ማሽኖቹ አብረው አለት ይቆርጣሉ፤ አለቱ ሲሊካ አለበት። በኤፕሪል 2025 ደግሞ ለኒዮሽ ተመራማሪዎች የስንብት ደብዳቤ ደረሰ፤ የከሰል ሠራተኞች የሳንባ ምርመራ እንዲቀጥል ያዘዘው በግንቦት ፍርድ ቤት ነው። ምርምር በደጉ ጊዜ የሚቆረጥ፣ በክፉ ጊዜ የሚፈለግ ነገር ሆኗል።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ጠጠር ማምረቻዎቻችን አለት ይፈጫሉ። በሻኪሶ፣ በአሶሳ፣ በትግራይ የኳርትዝ ጅማት እየተከተለ የሚቆፍረው ሰው ወርቁን የሚያገኘው ሲሊካውን ሰብሮ ነው፤ ኳርትዝ ራሱ ሲሊካ ነውና። አሁን የተሰበረ ሲሊካ ከሰነበተው የከፋ ነው። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ደቃቅ በዓይን አይታይም፤ «ዛሬ አቧራ የለም» የሚል አለቃ የተናገረው ዓይኑ ስላየው ነገር ብቻ ነው። ሲሊኮሲስ፣ ይህ ብናኝ ሳንባን የሚያጠባስስበት በሽታ፣ መዳኛ የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። እንደኛ ነቀርሳ በበዛበት አገር፣ ሥራው ምን እንደሆነ ያልተጠየቀ ታማሚ አስሉን ይዞ ወደዚያው ጉድጓድ ይመለሳል።

በአሜሪካ በ2024 የወጣው የሲሊካ ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ ወደ 10 ሜትር ኩብ አየር ይተነፍሳል ብንል፣ የቀኑ ጣሪያ ግማሽ ሚሊግራም ነው። ግማሽ ሚሊግራም ወርቅ እናውቃለን፤ ጥፍር ላይ ቢያርፍ በጭንቅ የሚታይ ነው።

መለኪያው የማይደረስበት አይደለም። ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ ፓምፕ፣ በደቂቃ 1.7 ሊትር አየር የምትስብ፤ ትልልቁን ብናኝ የሚለይ 10 ሚሊሜትር የናይለን ሳይክሎን፤ 37 ሚሊሜትር ማጣሪያ። በ8 ሰዓት 816 ሊትር አየር ያልፋል። ማጣሪያው በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ ኳርትዙ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን፣ ማዕድንን በኤክስሬይ ጨረር በሚለይ ዘዴ፣ ይለካል፤ መሣሪያው በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አለ። ጥንቃቄው ሁለት ነው። ሳይክሎኑ ከተዘቀዘቀ ከሥሩ የተጠራቀመው ጓል ማጣሪያው ላይ ይወድቅና ውጤቱ ይበላሻል። ፓምፑም ጠዋት ብቻ ሳይሆን ማታም መስተካከሉ ይፈተሽ።

መከላከያውም ውሃ ነው። በመሰርሰሪያው ብረት መሐል ወደ ጫፉ የሚሄድ ውሃ በሙከራ ከ86 እስከ 97 በመቶ የሚሆነውን አቧራ ይይዛል። መጀመሪያ ውሃ ይከፈታል፣ ከዚያ አየር፤ ሲቆም አየሩ ይቀድማል። ውስጥ ያለችው የውሃ ቱቦ ስታጥር ወይም ስትሰበር አየር ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ በአረፋው ውስጥ ደቃቁን ይዞ ይወጣል፤ ውሃ እየፈሰሰ አቧራ የሚሳብበት ምክንያት ይኸው ነው። ቱቦዋ ርካሽ ናት። ውሃ የለም ተብሎ በደረቅ የሚያስቆፍር ሥራ አስኪያጅ የኮምፕረሰሩን ናፍጣ ከየት አመጣው? ናፍጣ በቦቴ ከመጣ ውሃም በቦቴ ይመጣል!

ኦፓል ስለተባለው የደላንታ የከበረ ድንጋይ በአጭሩ። የወገል ጤናው ንጣፍ ብዙ ቦታ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ ገደል ላይ ነው፤ ሸክላማ ነው። ንጣፉን እየተከተሉ ወደ ጎን ሲያሰፉና ምሰሶ ሳይተዉ ሲቀሩ፣ ዝናብ ሲገባ ጣራው ይወርዳል። ስንት ሜትር ላይ ምሰሶ መተው እንዳለበት ለዚያ አለት ተለክቶ የተጻፈ መመሪያ በእጃቸው ይሁን።

ስለ ማጣራትም አንድ ነገር። ወርቅን ከካርቦን ላይ በትኩስ ሳያናይድና ኮስቲክ ሶዳ አጥቦ በኤሌክትሪክ የማውጣቱ ዘዴ የዛድራ ነው፤ የዛው ቢሮ ሥራ ነው። የሸክላማ ማዕድን ክምር ውሃ እንዲያሳልፍ በሲሚንቶ እያጣበቁ የማጓጎሉ ዘዴም እንዲሁ። ባዜቃ ለሚጠቀሙት ደግሞ፤ የባዜቃ ማንጠሪያው ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ አይጠለቅ፤ ዕቃው ሲበርድ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስብና ይፈነዳል። እርጥብ ጨርቅ ይጠቅለልበት። ባዜቃ የነካውን ጭቃ በሳያናይድ አታጥቡ፤ ባዜቃው ይሟሟና ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሳያናይድ ከመግባቱ በፊት ኖራ ይቅደም፤ የፈሳሹ ፒኤች፣ የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ10.5 ከወረደ መርዛማው የሳያናይድ ጋዝ ይወጣል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የራሳችን ብሩስተን ይኑረን፤ ከአንድ ከተተወ ዋሻ የሚጀምር፣ ለጣራ፣ ለአቧራና ለአየር ብቻ የቆመ የሙከራ ማዕድን፤ በጀቱም ከአደጋ ዜና ጋር የማይወጣና የማይወርድ። እስከዚያው ደግሞ በምርት ሪፖርት ቅጻችን ላይ፣ ወርቅ በግራም ከሚለው መስመር ሥር አንድ መስመር ይጨመር፤ ሲሊካ፣ በማይክሮግራም በሜትር ኩብ።

አመሰግናለሁ።