«ተሽሎት ነበር እኮ»

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፤

ሰፈራችን ከተነሣ ወዲህ ከየኮንዶሚኒየሙ ተሰባስባችሁ ዛሬም ፒያሳ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ ከወላጆች አፍ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «ተሽሎት ነበር እኮ!» ስሜትን አንዴ ወደ ከባድ ሐዘን፣ አንዴ ከልክ ወዳለፈ ሙቀት ስለሚወስደው ስለ ባይፖላር ሕመም የምነግራችሁ በእርሷ ምክንያት ነው።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ብቅ ይላል። በብዙዎቹ ላይ ቀድሞ የሚታየው ድባቴ ነው። ልጁ ከሰው ይሸሻል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ትምህርቱን ይተዋል። ሳምንታት ሲያልፉ ቤተሰብ ይጨነቃል፤ ዐይን በላው ይባላል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ልጁ ድንገት ይነሣል። ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዕቅድ ሲጽፍ ያድራል። እናት «ተመስገን» ትላለች። እንዴት አትበል?

እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህ መነሣት መዳን ሳይሆን የሕመሙ ሌላ መልክ፣ ማኒያ የምንለው ከልክ ያለፈ የስሜት ሙቀት ሊሆን ይችላል። ጭንቀት እንቅልፍ የነሣው ሰው በማግሥቱ ይዝላል። ማኒያ የያዘው ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ተኝቶ ከሁላችን ቀድሞ ይነሣል፤ ድካም የሚባል አያውቅም። ንግግሩ ይፈጥናል፣ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፣ ጥቂት ሲቃወሙት ይቆጣል፣ የእናቱን የእቁብ ገንዘብ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። ሲብስም ልዩ ተልእኮ እንደተሰጠው ያምናል፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ይህ ቢያንስ 7 ቀን ከዘለቀ ወይም ሆስፒታል ካስገባ ሐኪሙ ማኒያ ይለዋል። ቢያንስ 4 ቀን የሚቆይ፣ ኑሮን የማያናጋ ቀለል ያለ መልክም አለው፤ ያኔማ ልጁ ጎበዝ ሆነ ተብሎ ይመረቃል።

«ጫት ነው» የምትሉ አላችሁ። ጫት እንቅልፍ ስለሚነሣ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል፤ ከሐኪሙ አትደብቁት።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ይህን ነው። ልጃችሁን በድባቴው ወቅት ስታመጡት ያንን የደስታ ሰሞን ሳትነግሩን አትሂዱ። ሐኪሙ ካላወቀ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያዝ ይችላል፤ ያ ደግሞ አንዳንዱን ወደ ማኒያ ያሻግረዋል። ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ። ሊቲየም ለማኒያ እንደሚረዳ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ዛሬም ይታዘዛል። ጸበሉንም ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ፣ ሌሊቱንም ይተኛ።

ሞትን ካነሣ ለነገ አትበሉ፤ ያንኑ ቀን ወደ አማኑኤል ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት። ልጁ ሌሊቱን ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኛም በየቀኑ ጽፋችሁ ያዙ።

ስብሰባው ሲያበቃ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። በሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁ ብቻችሁን ኑ።