ሩሯን በእጅ ይዞ መሮጥ ለምን ተከለከለ? ግብና ግጭት በጨዋታ ንድፍ ውስጥ

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። እንደ ወትሮው ከደብረ ማርቆስ ነው የምናገረው። የዛሬው ርእሳችን፣ ጨዋታ ሲነደፍ ግብና ግጭት እንዴት እንደሚሠሩ፣ ይልቁንም አንዱ ያለ ሌላው ለምን መቆም እንደማይችል ነው። ግጭት ስል ጠብን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ተጫዋቹ ወደ ግቡ በቀላሉ እንዳይደርስ የሚያስቸግረውን ሁሉ ማለቴ ነው። ሕግ ምን እንደ ሆነ፣ ነጥብና ደረጃ እንዴት እንደሚሰጡ ባለፉት ቪዲዮዎች ስለ ተነጋገርንበት ወደዚያ አልመለስም፤ ያላያችሁ ካላችሁ ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ እነዚያን እዩአቸው፤ በዚያው ቻናሉን ሰብስክራይብ ብታደርጉ ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅበትም።

ከገና ጨዋታ ልነሣ። በዚህ ቻናል ስለ ገና ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳነሣሁ የምታውቁ ትስቁብኝ ይሆናል፤ ሆኖም ለዚህ ጉዳይ ከገና የሚሻል ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ በሆነበት ሰሞን፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን እየያዙ ሜዳ ይወጣሉ። የላይ ሰፈር ግብ ሩሯን የታች ሰፈርን ወሰን ማሳለፍ ነው፤ የታች ሰፈርም እንዲሁ በተቃራኒው። እስቲ ግቡን ብቻውን ለይታችሁ ተመልከቱት። አንዲትን ትንሽ ኳስ ወዲያ ማዶ ማድረስ በራሱ ምን ይጠቅማል? ምንም። ሩሯ ማዶ ደረሰችም አልደረሰችም የሚሞላ ጎተራ የለም። በዚያ ላይ ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ እረኛ ጎንበስ ብሎ ያነሣትና በኪሱ ከትቶ፣ እያፏጨ ሄዶ ማዶ ሊጥላት ይችላል።

ጨዋታው የሚጀምረው ይህ አጭር መንገድ የተዘጋ ዕለት ነው። በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ ሩሯ የምትነዳው በዱላ ብቻ ነው። ዱላው ቆልማማ ነው፤ ሜዳው ጎርባጣ ነው፤ ከፊት ለፊት ደግሞ የዚያ ሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን፣ ምንም ዋጋ ያልነበራት ሩር ላብ የሚፈስላትና ቅልጥም የሚላጥላት ነገር ሆነች። ሩሯ አልተለወጠችም፤ ግቡም ያው ነው፤ የተጨመረው ክልከላው ብቻ ነው። ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሥራው፣ ጨዋታ መጫወት ማለት አስፈላጊ ያልሆኑ እንቅፋቶችን ወድዶና ፈቅዶ ለማለፍ መሞከር መሆኑን ያስረዳል። ሰውየው ገናን አይቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ገጽ ይቆጥብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ወድዶና ፈቅዶ» የተባለውን ያዙልኝ፤ አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚሉት ስለዚህ ነው። በዚያች ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ሎሌው የጌታውን እግር በዱላ ቢያገኘው እንኳ ማግስቱን አይጠየቅበትም። ግጭቱ እውነተኛ ነው፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከሜዳው ወሰን አይወጣም። የተሸነፈውም ሰፈር በግጥም ይሰደባል፤ ስድቡንም ችሎ አብሮ ይስቃል። በበኩሌ ከሩሯ ይልቅ ስድቡን እወዳለሁ፤ ይህ ግን ሌላ ቪዲዮ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ንድፉ ልግባ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ አንድ አስተያየት አላሳልፍ አለኝ። አንዲት እናት፣ «ልጆቻችን ግጭት በቅቷቸዋል፤ እባክህ ግጭት የሌለበት ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ አስተምረን» ብለው ጽፈውልኛል፤ ከሥራቸውም ብዙዎች «ትክክል ነው» ብለዋል። በእኛ አካባቢ ይህን የሚጽፍ ወላጅ ለምን እንደሚጽፍ ማንም ሊያስረዳኝ አይገባም፤ አሳባቸውንም አከብራለሁ። ጠመንጃ የሌለበት ጨዋታ ከሆነ የፈለጉት፣ ሞልቷል። ግጭት የሌለበት ጨዋታ ግን የለም፤ ቢኖርም ልጅዎ ተቀምጦ አይጫወተውም።

አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራውን ቴትሪስ የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ውሰዱ። የሚገደል የለም፤ የሚሰደድ የለም፤ ጠላት የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ግቡ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች አስተካክሎ መደርደርና መስመር መሙላት ነው። ይሁን እንጂ ቅርጾቹ መውረዳቸውን አያቆሙም፤ የትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣም የሚወስነው ተጫዋቹ አይደለም። ይህ አንዱ ግጭት ነው። ሁለተኛው ከዚህ የረቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለኒንቴንዶ መጫወቻ በወጣው ቅጂ፣ በመነሻው ደረጃ አንድ መስመር ብቻውን ሲሞላ 40 ነጥብ ያስገኛል፤ አራት መስመር በአንድ ጊዜ ሲሞላ ግን 1200 ያስገኛል። አራቱን አንድ በአንድ የሞላ ሰው 160 ብቻ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ተጫዋቹ በአንድ ጎን ክፍተት ትቶ ረጅሟን ዘንግ ይጠብቃል፤ ዘንጓ ትዘገያለች፤ ክምሩም ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፍ ከደረሰ ጨዋታው አበቃ። እዚህ ላይ ሰውየው የሚጋጨው ከራሱ ስስት ጋር ነው።

ሌላም ልጨምር። በማት ሊኮክ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓንዴሚክ የተባለ የገበታ ጨዋታ ተጫዋቾቹን በሙሉ በአንድ ወገን ያሰልፋል፤ ተፋላሚያቸው ወረርሽኝ ነው። የማሸነፊያው መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም ለአራቱ በሽታዎች ፈውስ ማግኘት ነው። የመሸነፊያው መንገድ ግን ሦስት ነው፤ ሲሸነፉም ሁሉም አብረው ይሸነፋሉ። እንግዲህ እኒያ እናት የጠየቁት በእርግጥ ይህን ይመስለኛል፤ ሰው ከሰው የማይጣላበት፣ ነገር ግን ልብ አንጠልጥሎ የሚያቆይ ጨዋታ። ጠላትን ማስወጣት ይቻላል፤ ግጭትን ማስወጣት ግን ጨዋታውን ይዞት ይሄዳል።

ወደ ንድፉ እንመለስ፤ ይህን ክፍል ስለምታውቁት በፍጥነት ላሳልፈው። ግጭት ከሦስት ቦታ ይመነጫል፦ ከእንቅፋት፣ ከተፎካካሪና ከአጣብቂኝ ምርጫ። ግብም በጊዜ ይደራረባል፤ በዚህች ቅጽበት የሚሠራ አለ፣ በዚህ ዙር የሚጠናቀቅ አለ፣ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ የሚያደርስ አለ፤ ትንሹ ግብ ትልቁን ካላገለገለ ተጫዋቹ ይሰለቻል። ግቡ ከሩቅ መታየት አለበት፤ መንገዱ ግን ሁሉ መታየት የለበትም። በቃ።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲሠራ ለማየት ፓክማን የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ አስተውሉ። ቶሩ ኢዋታኒ የነደፈው፣ ናምኮ የተባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ነው። ግቡ በጠባብ መተላለፊያዎች የተበተኑትን 240 ትንንሽና 4 ትልልቅ ነጥቦች ሁሉ መብላት ነው፤ ተጫዋቹ የሚነዳውን ፓክማንን የሚያሳድዱት ደግሞ አራት መናፍስት ናቸው። ቀዩ በቀጥታ ይከተለዋል፤ ሮዟ ፓክማን ከሚያመራበት አራት ካሬ ቀድማ ልትጠብቀው ትሞክራለች፤ ብርቱካናማው እየቀረበ መጥቶ ስምንት ካሬ ያህል ሲቀረው ወደ ማዕዘኑ ይሸሻል። በየመካከሉ ደግሞ አራቱም ማሳደዱን ትተው ወደየማዕዘናቸው ይበተናሉ፤ ተጫዋቹ የሚተነፍሰው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው። ፓክማን አንዲት ነጥብ በዋጠ ቁጥር ለቅጽበት ይዘገያል። በመጀመሪያው ደረጃ፣ ነጥብ ባለቀበት መተላለፊያ ሲሮጥ ከመናፍስቱ ይፈጥናል፤ እየበላ ሲሄድ ግን ይደርሱበታል። ወደ ግቡ የሚያቀርበው ሥራ ራሱ ለአደጋ ያጋልጠዋል፤ ከአደጋ የሚያድነው መንገድ ደግሞ ወደ ግቡ አያደርሰውም። ግብና ግጭት እንዲህ በአንድ ክር ሲሰፉ፣ ተጨማሪ ጠላት መጨመር አያስፈልግም።

እንግዲህ አብረን ወደምንሠራው የጭነት መኪና ጨዋታ ልምጣ። ግቡን ታውቁታላችሁ፤ ከደጀን ጤፍ ጭኖ የአባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን መውጣት ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ሽፍታ በመንገዱ ላይ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርባችኋል። አልጨምርም፤ ቁልቁለቱ ይበቃናል።

ክፍያው በኩንታል ነው፤ ስለዚህ ብዙ የጫነ ብዙ ያገኛል። ነገር ግን ጭነት በበዛ ቁጥር ፍሬኑ ቶሎ ይግላል። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያድናል፤ ጎሐ ጽዮን የሚጠብቀው ነጋዴ ግን ሲመሽ ዋጋ ይቀንሳል። ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ቆሞ ፍሬኑን ሊያበርድ ይችላል፤ እርሱም ጊዜ ይወስዳል። ዳገቱ ሲጀመር ደግሞ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያስጨነቀው ያው ጭነት ሞተሩን ማስጨነቅ ይጀምራል፤ ራዲያተሩ ውኃ ይጠይቃል። ደጀን ላይ በአንድ ጊዜ የተወሰነው የኩንታል ቁጥር በሁለት የተለያየ መንገድ ይፈተናል፤ ተፎካካሪ የለም፤ ጥይት የለም።

ያልወሰንሁት አንድ ነገር አለ። የፍሬኑ ግለት በማያ ገጹ ጥግ በቁጥር ይታይ፣ ወይስ ከጎማው ሥር በሚነሣው ጭስ ብቻ ይታወቅ? ቁጥሩ ከታየ ተጫዋቹ ሒሳብ ይሠራል፤ ጭሱ ብቻ ከታየ ግን እንደ ሾፌር እያመነታ ይወርዳል። እኔ ወደ ጭሱ አደላለሁ፤ በተለይ በዚያ መንገድ መኪና የነዳችሁ ተመልካቾች የምታስቡትን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ ሁለቱንም ሠርተን ጎን ለጎን እናያቸዋለን።