ምጥ ሌሊት ሲመጣ፦ ከእንጦጦ ጀርባ

(ምስል፦ ሌሊት። የሱሉልታ ሜዳ። ከተራራው ማዶ ሰማዩ በከተማ መብራት ቀልቷል።)

ያ የምታዩት ብርሃን የአዲስ አበባ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አሁን ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሐምሌ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል።

የአክስቴ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ባሏ "መኪና ልፈልግ" ብሎ ተነሳ። አማቷ "ቆይ እስኪ ልጄ፣ ገና ነው። እኔ ስድስቱንም የወለድኩት እዚሁ ነው" አሉት። ክፋት እንዳይመስላችሁ። ስድስት ልጅ በሰላም የወለዱ እናት ሌላ ምን ይበሉ? "ማርያም ማርያም" እየተባለ ሁለት ሰዓት አለፈ።

የጤና ባለሙያዎች ይህንን "የመጀመሪያው መዘግየት" ይሉታል። ሦስት ናቸው። ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት።

(ምስል፦ ጭቃ መንገድ። የእጅ ባትሪ ብርሃን።)

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ግን ያው ገጠር ነው። መሬቱ መረሬ ነው፣ ክረምት ላይ ጎማ ይውጣል። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ አስፋልቱ ዳር ቆመና "ከዚህ አላልፍም" አለ። ጎረቤት ተጠራ። በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት። አርባ ደቂቃ በእግር፣ በዝናብ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ነው። የሌሊት ኮንትራት ግን በነጻ አይደለም፤ ያን ሌሊት ገንዘብ ከሦስት ቤት ተለቃቅሞ ነው የተከፈለው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ ወሊድ 97ቱ በጤና ተቋም ነበር። በአገሪቱ ገጠር 20ው ብቻ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ተሻሽሏል። እኔ ግን ይህን ልዩነት ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ቃሬዛ ነው።

(ምስል፦ የማዋለጃ ክፍል። ትንሽ ፍሪጅ።)

ልጁ በሰላም ተወለደ። እንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጊዜ ካልተገታ፣ ጤነኛ የነበረችን እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ማህፀን እንዲኮማተር ያደርጋል፣ ደሙም ይቆማል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ካገኘው አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ያ ፍሪጅ የሰው ሕይወት ይዟል ማለት ነው። ያን ሌሊት መርፌው ነበር። አዋላጇም ነቅታ ነበር። ተረፈች። ተመስገን።

(ምስል፦ ቀን። ሁለት ሴቶች ግቢ ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ።)

አሁን ሁለተኛዋን አርግዛለች። በዚህ መሃል የጤና ኤክስቴንሽኗ ትመጣለች። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ አንድ ጤና ኬላ። ኦፕራሲዮን አትሠራም። እሷ የምትይዘው ያንን የመጀመሪያውን መዘግየት ነው። ቡና ትጠጣለች፣ ከአማቲቱ ጋር ትጨዋወታለች። መቼ ትወልዳለች? ማን ይሸኛታል? ደም ቢያስፈልግ ማን ይለግሳል? ትልቁን ልጅ ማን ይዞት ያድራል? እነዚህ ጥያቄዎች ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ነው መልስ ማግኘት ያለባቸው።

ጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ። ቤቷ የራቀባት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲደርስ ገብታ ትቆያለች። "በዘጠኝ ወሯ እዚያ ትግባ" ያሉት እኚያው አማቷ ናቸው። ገንፎውን እኔ አደርሳለሁ ብለዋል።

ገንዘቡ ከአሁኑ ተለይቶ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ምጡ ቀድሞ ቢመጣ ተብሎ ሁለት ስልክ በከሰል በሩ ላይ ተጽፏል። አንዱ 907 ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ሌላው የባጃጁ ልጅ። ባሏ ባለፈው እሁድ ማታ ሞከረው። ሁለቴ ጠራ፣ ልጁ አነሳ። "ዛሬ ነው እንዴ?" አለ። "አይ፣ ገና ነው፤ ስልክህ እንደሚሠራ ላረጋግጥ ብዬ ነው።"