መሪው ሆዴን ሲነካኝ፦ ለደሴ ሹፌሮችና ረዳቶች የተደረገ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ። እሁድ ጠዋት እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን፣ ወንበር ያልደረሳችሁ ረዳቶች ደሞ አብሽሩ፣ ዛሬ የቆመ ነው የሚያተርፈው።

እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ታውቁኛላችሁ፣ ደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ 19 አመቴ ነው። የዛሬ ሁለት አመት መሪው ሆዴን መንካት ጀመረ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ወንበሩን አንድ ጥርስ ወደኋላ ገፋሁት በቃ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አንድ ጥርስ። ከዛ ፍሬኑ ራቀኝ፣ እንግዲህ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የራቀው ሹፌር ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግርም። ያኔ ነው ደንግጬ የተመረመርኩት፣ በባዶ ሆድ ስኳሬ 148፣ በሌላ ቀን ተደግሞም ያው፣ 126 እና ከዛ በላይ ሁለቴ ከመጣ ስኳር ነው አሉኝ። ግፊቴም ከ140 አልፏል። አንድም ቀን ሳያመኝ እኮ ነው! ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ተመችቶሃል፣ አማረብህ" ነበር የሚለኝ፣ ቦርጭ እኛ ጋ ሹመት ነዋ።

ሀኪሟ ታዲያ ስራዬን ስትሰማ ሳቀችና የለንደንን ታሪክ ነገረችኝ። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ዶክተር የባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አወዳደረ፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ነው የወጣው። ያው መኪና፣ ያው መስመር፣ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል ቆራጩ ግን በቀን ከ500 በላይ ደረጃ ይወጣል፣ የልብ በሽታ ታዲያ ሹፌሮቹን ነው በብዛት የያዘው። ሰው እንደኛ ተከራካሪ ነውና "ሹፌሮቹ ድሮውኑ ወፍራም ቢሆኑስ" ተባለ። ሞሪስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ የዩኒፎርም ሱሪያቸውን የወገብ ልክ አስወጣ! እውነትም የሹፌሮቹ ሰፊ ነበር፣ ግን ቀጭኑም ሹፌር ቢሆን በልኩ ካለው ቆራጭ ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሞት ይበልጥ ይጠቃ ነበር። ስለዚህ እኔ ከሲታ ነኝ አይመለከተኝም ብለህ እዛ ጥግ የምትስቀው ልጅ፣ አንተንም ነው።

ምግብ ላይ እንጀራንና ሽሮን አትርገሙብኝ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኔ ራሴን ስቆጥረው ከጫት ጋር በቀን ሶስት ለስላሳ እጠጣ ነበር፣ አንዱ ጠርሙስ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለው፣ ሶስቱ ሲደመር ከ20 የሻይ ማንኪያ በላይ! ሻይ ላይ ሰው ፊት ሃያ ማንኪያ ብጨምር ጠበል ውሰዱት ነበር የምትሉኝ። ከዛ ምርቃናው ሲለቀኝ ማታ 4 ሰአት ላይ ጥብስ በልቼ እተኛለሁ። ጨው ደሞ በቀን ከ5 ግራም አይለፍ ይላሉ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት ለቀኑ ሙሉ። መድሀኒት የምትወስዱ ከፆም ወይ ከረመዳን በፊት ሀኪም አማክሩ፣ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ስፖርት ስላችሁ ጂም ግቡ እያልኩ አይደለም፣ ከየት ጊዜ ተገኝቶ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው የሚፈለገው። በቀን 20 ደቂቃ በሉት፣ ይቺ እኮ መናኸሪያ ተራ የምንጠብቅባት ናት! አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ያለ ግን ገና ያልታመሙ ከ3000 በላይ ሰዎች ላይ ሞክረውታል፣ ያን ያህል እየተንቀሳቀሱ ከክብደታቸው 7 ፐርሰንት እንዲቀንሱ የታገዙት በስኳር የመያዝ እድላቸው በ58 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ኪኒን የተሰጣቸው በ31። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 ፐርሰንት ስድስት ኪሎ እንኳን አይሞላም።

እኔ ተራ ስጠብቅ አሁን ወንበር ዘርግቼ አልተኛም፣ መኪናውን ለረዳቴ አደራ ብዬ እዞራለሁ፣ መጀመሪያ ሰሞን ጠፋብህ ወይ ምን እየፈለግክ ነው ሲሉኝ ነበር። ወንበሩ አንድ ጥርስ ወደፊት ተመልሷል፣ ሁለተኛው ገና ነው።

በሩ ጋ ሜትር የያዘች ነርስ አለች፣ ወገባችሁን ትለካለች። ወንዶች ከ102፣ ሴቶች ከ88 ሳንቲ ሜትር ያለፋችሁ ግፊትና ስኳር ወደሚለካበት ጠረጴዛ እለፉ። ሆዳችሁን ወደ ውስጥ እንዳትስቡ፣ ነቅታለች፣ እኔንም ይዛኛለች።