ከደብረ ብርሃን አዳዲስ ሰፈሮች ስር ያሉት መንደሮች

(ምስል፦ ጠዋት፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አመዳይ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ድምፄ ከተንቀጠቀጠ አትፍረዱብኝ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ቆሜ ነው የማወራችሁ።

ይሄ ከኋላዬ የምታዩት ሰፈር ልጅ እያለሁ ገብስ ነበር። አሁን ያላለቀ የማህበር ቤት አለ፣ ጂ ፕላስ ሁለት አለ፣ የባጃጅ መዞሪያ አለ፣ ኮንቴነር ሱቅ አለ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ደግሞ ኩበት ተለጥፎ እየደረቀ ነው። ኩበቱ የማን ነው ብዬ ጠየኩት ልጁን፣ «የእማዬ ነው፣ ምጣድ በኤሌክትሪክ አይጥማትም» አለኝ። ማለት የፈለኩት መንደሩ የትም አልሄደም፣ ከተማው ነው የመጣበት።

ዛሬ የማሳያችሁ እሱን ነው፣ እነዚህ ሰፈሮች ከየት መጡ፣ ለምንስ እንደዚህ ሆኑ። መጨረሻ ላይ ቤት ልትሰሩ ላሰባችሁ የምትጠቅም ነገር አለችኝ፣ እሷን ሳትሰሙ እንዳትወጡ።

(ምስል፦ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከርቀት)

ከተማዋ ራሷ ስትጀመር ሰፈር ነበረች፣ የእውነት ሰፈር፣ የድንኳን። ድሮ «ከተማ» ሲባል ንጉሡ ከነሠራዊቱ ያረፈበት ቦታ ማለት ነበር፣ ነገሥታቱ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጡም፣ ያለው እህልና እንጨት ሲያልቅ ይነሳሉ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው በ1446 ዓ.ም እዚህ መጥተው የቀሩት። ቦታው በፊት ደብረ ኢባ ይባል ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት በድንጋይ አስወገሩ፣ ከዛ በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡ ይሄ ምልክት ነው ብለው ቤተ ክርስቲያንም ቤተ መንግሥትም አሰሩ፣ ስሙም ደብረ ብርሃን ሆነ። የሃሊ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ፣ ችግሩ የሃሊ ኮከብ የታየው በኛ 1448 ላይ ነው፣ ሁለት ዓመት አይገጥምም፣ እና እኔ እሱን ክርክር ለሌላ ቀን ትቸዋለሁ። ብቻ ንጉሡ በ1460 እስኪሞቱ እዚሁ ኖሩ፣ ልጃቸው በእደ ማርያም ግን ጥለዋት ወጡ፣ ድንኳኑ ሲነሳ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑና ገበሬው ነው።

በኋላ የሸዋ ነገሥታት ተመልሰው መጡባት፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርም አንጎለላም ደብረ ብርሃንም ይቀመጡ ነበር። አንጎለላን ታውቋታላችሁ፣ ከጫጫ ገባ ብላ ያለችው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 የተወለዱባት። አሁን ብትሄዱ ጸጥ ያለች የገጠር መንደር ናት፣ አንድ ጊዜ የሸዋ ቤተ መንግሥት ነበረች ብትሉት የማያምን ሰው ይኖራል። ከተማ እንዲህ ይመጣል ይሄዳል፣ መንደር ነው የማይነቃነቀው።

(ምስል፦ ከጉብታ ላይ ሆኖ ወደ ሜዳው)

እሺ አሁን ወደ መንደሮቹ። እዚህ ጉብታው ላይ ኑ። በከተማዋ ዙሪያ ባለው ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ የትኛውንም የድሮ መንደር ብታዩ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ፣ ቤቶቹ በሙሉ ድንጋያማው ከፍታ ላይ ነው የተደረደሩት፣ የድንጋይ ካብ ቤት፣ ከላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤቶቹ ዝቅ ብሎ አውድማ፣ ከዛ ሜዳው ማሳ ነው። አንድም ሰው ሜዳው ላይ ቤት አልሰራም። ለምን? ቆይ እመለስበታለሁ።

እነዚህ መንደሮች በየአጥቢያቸውና በየአባት ርስታቸው ነበር የሚጠሩት። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ነው ነገሩ የተቀየረው፣ መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ገበሬው በገበሬ ማህበር ተደራጀ፣ አንድ ማህበር ቢያንስ 20 ጋሻ ማለትም 800 ሄክታር መሆን ነበረበት። ልብ በሉ፣ 800 ሄክታር ለማሟላት ሦስትም አራትም አምስትም መንደር አንድ ላይ ይታሰራል፣ ከዛ አንደኛው ስሙን ለሁሉም ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ የምትጠሩት የሰፈር ስም ብዙ ጊዜ የአንዷ መንደር ስም ነው፣ የሌሎቹን እናቶቻችን ናቸው የሚያውቁት። አክስቴን የሰፈራችንን መንደሮች ቁጠሪልኝ ብያት ሰባት ቆጠረችልኝ፣ ካርታ ላይ ያለው ግን አንድ ነው።

ከተማው መግፋት የጀመረው በአስፓልቱ ነው። ጣሊያን የአዲስ አበባ አስመራን መንገድ በዚህ አሳልፎ ወደ ጣርማ በር ሲያወጣው፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ከተማ ለሹፌር ማረፊያ ሆነች። ከዛ በ1957 የብርድ ልብስ ፋብሪካው መጣ። ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የመንዝ ሰው ከበግ ጸጉር ባና እና ዝተት የሚባል ወፍራም ልብስ እየሰራ ሲለብስ ኖሯል፣ ብርዱም በጉም እዚሁ ነው፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ደብረ ብርሃን ላይ ካልተተከለ የት ይተከል ነበር?

ያም ሆኖ እድገቷ የቀስታ ነበር። በ1987 ቆጠራ 38,717 ሰው፣ በ1999 ቆጠራ 65,231። እዛው 1999 ላይ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ ተማሪ መጣ፣ ተማሪ ሲመጣ የኪራይ ክፍል ተፈለገ፣ ገበሬው በረቱን ሰርቪስ አደረገው (እውነቴን ነው፣ የምታከራይ ጎረቤት ነበረችን፣ ላሚቷን ሽጣ ሦስት ክፍል ሰራች)። ከዛ 2007 እና 2008 አካባቢ ሁለት የቢራ ፋብሪካ፣ 2011 ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ፣ በ2014 ደግሞ ሪጂዮፖሊታን ተባለች። ቃሉ አፍ አይሞላም ግን ትርጉሙ ከባድ ነው፣ ዙሪያዋን ያሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ ጫጫ ራሷ ሳትቀር፣ ወደ ከተማው አስተዳደር ተጠቃለሉ። የተኛ ገበሬ ጠዋት ሲነሳ የከተማ ነዋሪ ነው።

ይሄ ለገበሬው ምን ማለት ነው? ገጠር ሲሆን የይዞታ ደብተር አለው፣ ያርሳል፣ ለልጁ ያወርሳል። ከተማ ሲሆን መሬቱ የሊዝ ነው፣ ለልማት ይፈለጋል፣ ካሳ ተከፍሎት ይነሳል። ካሳው ላይ ሕጉ ተሻሽሏል፣ በ1997ቱ አዋጅ 455 ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ ተይዞ በአስር ነበር የሚባዛው፣ በ2011ዱ አዋጅ 1161 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመት ተይዞ በአስራ አምስት። ጥሩ ነው፣ ግን አስቡት፣ የገብስና የባቄላ ገቢ ነው የሚባዛው፣ የቦታው ዋጋ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ አባቱ ካሳ የወሰዱበትን ማሳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደላላ ሊሸጥለት መጣ፣ በካሬ። «ይቺ ጋ ናት እኮ በሬያችን የሞተው» አለኝ፣ ሳቅ ብሎ ነው ያለኝ ግን ሳቅ አልነበረም።

(ምስል፦ ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ በቅርበት)

በሉ አሁን ቃል ወደገባሁላችሁ። ይሄ ስንጥቅ የኛ ቤት ነው፣ ሳሎን። ጣቴ ይገባበታል፣ እዩት። ቤቱ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ በጂፕሰም ደፍነነዋል፣ ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ ተመልሶ ይከፈታል፣ በሩም ሐምሌ ላይ አይዘጋም ጥር ላይ አይከፈትም።

ምክንያቱ ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር። ሲርስ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። ገበሬው ይሄን ያውቃል፣ ክረምት ላይ እህሉ በውሃ እንዳይታፈን ማሳው መሀል ፈሰስ የሚያወጣው ለዚሁ ነው። ሜዳውን ለእህል ትቶ ድንጋዩ ላይ የሰፈረውም ለዚሁ ነው። ማስተር ፕላኑ ሲመጣ ግን ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ለመሸንሸን ይመቻል፣ እና አዲሱ ሰፈር በሙሉ የወረደው ማሳው ላይ ነው። የድሮዎቹ የካብ ቤቶች እዛ ላይ ቆመዋል፣ የኛ ብሎኬት እዚህ እየተሰነጠቀ ነው።

ስለዚህ እዚህ ቦታ የምትገዙ ከሆነ ከደላላው በፊት አንድ ትልቅ ሰው ፈልጉና «እዚህ ምን ይዘራ ነበር» ብላችሁ ጠይቁ። ዋልካ ከሆነ ጥቁሩን አፈር ቆፍራችሁ አውጡ፣ ጠንካራው እስኪገኝ፣ ከዛ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) ሙሉበትና በደንብ ጠቅጥቁ፣ የጣራውንም ውሃ በቦይ ከቤቱ አርቁት። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ፣ እኛ ያንን ብር ቆጥበን ነው ዛሬ ስንጥቅ የምቀርጸው።

አክስቴ መሠረት ስናወጣ መጥታ ነበር፣ ጉድጓዱን አየችና «ልጆች፣ ይሄ እኮ የባቄላው ነው» አለች። ባቄላ ልታወራን መስሎን ቡና አፈላንላት።